የባዝራ ወተትና የመንጋ አጠባበቅ በሞንጎሊያ

ዋናውን ገንዘብ ሳይነካ በትርፉ የሚተዳደር ነጋዴ ንግዱ እንደሚሰነብትለት የታወቀ ነው። የሞንጎሊያ ዘላን አርቢዎችም ይህንኑ ደንብ በፈረስ መንጋቸው ላይ ሲሠሩበት ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። በዚያ አገር ባዝራ እንደ ላም ትታለባለች፤ ከወተቷም «አይራግ» የሚባል ጎምዛዛ መጠጥ ይዘጋጃል። የዚህ ሀብት ዋና ገንዘቡ ውርንጭላው ሲሆን ትርፉ ወተቱ ነው።

መንጋው የሚተዳደረው በድንጉላው ነው። አንድ ድንጉላ ከ10 እስከ 20 የሚደርሱ ባዝራዎችን ከነልጆቻቸው ይዞ ይሰማራል፤ የራቁትን ይሰበስባል፤ ከተኩላም ይከላከላል። ለመጠቃት የደረሱትን የራሱን ሴት ልጆች ከመንጋው ስለሚያባርር የቅርብ ዘር አይደባለቅም። ስለዚህ አርቢው ለዘር የሚሆነውን ድንጉላ በጥንቃቄ መርጦ የቀሩትን ወንዶች ያኮላሻል።

ባዝራ 11 ወር ያህል አርግዛ በአብዛኛው በሚያዝያና በግንቦት ትወልዳለች። አለባው የሚጀመረው ግን ሣሩ ከበረታ በኋላ፣ በሐምሌ ገደማ ነው። በማለዳ ውርንጭሎቹ ተይዘው «ዘል» በሚባል፣ በካስማዎች መካከል በተወጠረ ረጅም ገመድ ላይ ይታሰራሉ። እናቶቻቸው ልጆቻቸውን ትተው ስለማይርቁ በአቅራቢያው ይግጣሉ። የባዝራ ጡት ትንሽ በመሆኑ ብዙ ወተት አያጠራቅምም፤ ከዚህም የተነሣ በየሁለት ሰዓቱ ያህል፣ በቀን እስከ 6 ጊዜ ትታለባለች። በአገራችን ጥጃው ላሟን እንደሚያግት ሁሉ፣ ውርንጭላውም አስቀድሞ ጥቂት ይጠባል፤ ወተቱ ሲወርድ በእናቱ ጎን ይያዝና አላቢው ሥራውን ይፈጽማል። ሲመሽ ሁሉም ይለቀቃሉ፤ የሌሊቱ ወተት በሙሉ የውርንጭላው ድርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1253 ወደ ሞንጎሎች አገር የተጓዘው የፍላንድርስ መነኩሴ ዊልያም ዘሩብሩክ ውርንጭሎች በገመድ ታስረው እናቶቻቸው ሲታለቡ አይቶ ጽፏል።

የባዝራ ወተት ስኳሩ ከላም ወተት ይበዛል፤ ቅባቱ ግን ያነሰ ነው፤ ለአይብም አይመችም። ስለዚህ እርሾ ባለበት የቆዳ ስልቻ ውስጥ ተጨምሮ፣ በእንጨት መማሰያ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ እየተመታ ይብላላል። የአልኮሉ መጠን ከመቶ 2 ያህል ነው። ይህን ሙያ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። በበጋቸው ወራትም አይራግ በየመንገዱና በዋናው ከተማ በኡላንባታር ይሸጣል።

ገበያው ሲደራ ጥቂት ተጨማሪ ለማለብ መመኘት የማይቀር ነው። ነገር ግን የዚያ አገር ብርድ እጅግ ጽኑ ነው። «ዙድ» የሚባለው ክፉ የበረዶ ዘመን ሲመጣ ግጦሹ ይሸፈናል፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 እስከ 2024 በደረሰው ዙድ ከ7 ሚሊዮን የሚበልጡ ልዩ ልዩ እንስሳት አልቀዋል። ፈረስ በረዶውን በኮቴው ጭሮ ሣር ሊያወጣ የሚችለው ሥጋና ጉልበት ይዞ ከገባ ነው። የሌሊቱን ድርሻ የተነጠቀ ውርንጭላ ከስቶ ብርዱን ይጋፈጣል፤ እናቱም ብዙ ጊዜ ሌላ ፅንስ የያዘች ናት። ስለሆነም አስተዋይ አርቢ በጥቅምት ገደማ፣ ወተቱ ገና ሳይነጥፍ አለባውን ያቆማል፤ መንጋውንም እስኪሰባ ድረስ ወደ ራቀና ወደ ለመለመ ግጦሽ ይነዳል።

በመኸሩ መጨረሻ በስልቻው ውስጥ የጎደለው ወተት፣ በሚቀጥለው ዓመት በገመዱ ላይ በሚታሰሩት ውርንጭሎች ቍጥር ተመልሶ ይገኛል።