የእማማ ስልክ በማን ስም ነው?

በቤተሰብ ገጽ ላይ ስለ ስልክ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ልጆች ነው፤ ስንት ሰዓት ይያዙት፣ ምን ይዩበት፣ መቼ ይነጠቁ? ዛሬ የማነሳው ግን በእናቶችና በአያቶች መቀነት ውስጥ ስላለው ስልክ ነው። ጎንደር ላይ ይህ ስልክ ከመነጋገሪያነት አልፎ የገንዘብ ሳጥንም፣ የዱቤ ደብተርም ሆኗል።

ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድሮ ከደባርቅና ከዳባት ገብስ፣ ባቄላ ወይም ነጭ ሽንኩርት ጭኖ የሚወርድ ሰው ዋጋውን የሚያውቀው ቅዳሜ ገበያ ከደረሰ በኋላ ነበር። ዋጋው ወድቆ ቢያገኘውም ጭነቱን መልሶ መውሰድ ኪሳራ ስለሚሆንበት በተባለው ሸጦ ይገባል። አሁን የደጋው ገበሬ ኔትወርክ የሚይዝበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ለሁለት ሦስት ነጋዴ ይደውልና የተሻለ ለሰጠው ይጭናል። ለዚህ ደግሞ ውድ ስልክ አያስፈልገውም፤ ባትሪው ቀናት የሚቆየው ባለ ቁልፉ ስልክ ይበቃዋል።

ቀጥሎ የመጣው ክፍያው ነው። ኬንያውያን በስልክ ገንዘብ መላላክ የጀመሩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ነው። እኛ ዘንድ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ያስተዋወቀው ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሳፋሪኮሙ ኤምፔሳ ነሐሴ 2015 ተከተለ። በዚያው በ2015 ነዳጅ በስልክ ብቻ እንዲከፈል ሲታዘዝ ባለ ባጃጁ ሁሉ ወደደም ጠላም ገባበት። እሱ ከገባበት ዘንድ ተሳፋሪው፣ ተሳፋሪው ከገባበት ዘንድ ጉልቷ ሻጭ መቅረት አልቻለችም።

በክልላችን ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ሲቋረጥም ባለ ቁልፉ ስልክ ዋጋው ታየ። *127# ብሎ በቴሌብር ለመክፈል ኢንተርኔት አይጠይቅም። የስልክ መስመሩ ራሱ ሲጠፋ ግን ገንዘቡም አብሮ ይቆለፋል። ስለዚህ ለሁለት ሦስት ቀን የሚሆን ጥሬ ብር ቤት ውስጥ ማስቀመጥ አሮጌ ልማድ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

አክስቴ ቅዳሜ ገበያ ጥራጥሬ ትሸጣለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ በሒሳብ ግን የሚያታልላት የለም። ባለፈው ዓመት አንድ ገዢ ግማሽ ኩንታል ምስር አስመዝኖ፣ «ከፍያለሁ፣ ይኸው እዪው» ብሎ የራሱን ስልክ አሳያት። አመነችው። ማታ የልጅ ልጇ ሒሳቡን ስታይ የገባ ብር የለም። ምስሩ ሄደ።

ልጇ ተቆጣ። «ከእንግዲህ አንቺ ሽጪ፤ ገንዘቡ በእኔ ስልክ ይግባ» አላት። ለክፋት አልነበረም፤ እንዳትበላ ሰግቶ ነው። እሷ ግን፣ «የሱቄን ቁልፍ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም፤ ይኼም ቁልፍ ነው» አለችው። ሁለት ሳምንት ያህል በሰላምታ ብቻ ተላለፉ።

ነገሩን ለማስማማት ስንቀመጥ ሌላ ጉድ ወጣ። ሲም ካርዱ ሲወጣ እሷ መታወቂያ ስላልነበራት የተመዘገበው በልጇ ስም ነው። ስልኩ በመቀነቷ ቢሆንም በወረቀት ባለቤቱ እሱ ነበር። እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ይመስለኛል። ልጁ ደግ ቢሆን እንኳ አደጋ ቢደርስበት ወይም ነገ ወንድማማች በውርስ ቢካሰስ፣ ብሩ የእናት መሆኑን ማን ይመሰክራል?

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ቴሌብር በ2014 ስሙን ከሰሜኑ ተራራችን ከወሰደው ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የተባለውን ያለ መያዣ የሚሰጥ ብድር ጀምሯል። እንዲህ ያለ ብድር የሚለካው ሰውየው በስልኩ ባንቀሳቀሰው ገንዘብ ነው። እናት የሸጠችው ሁሉ በልጅ ስልክ ከገባ፣ የዓመታት ድካሟ የሚያስገኘው ታማኝነት ለእሱ ይጻፋል፤ እሷ እንደማትሠራ ሰው ትቆጠራለች።

መፍትሔው ቀላል ነበር። አክስቴ መታወቂያዋን አወጣች፤ ልጇ አብሯት ሄዶ ሲም ካርዱን በስሟ አዛወረላት። የልጅ ልጇ ደግሞ ቁጥሮቹን አስጠናቻት፤ የትኛውን ተጭና ሒሳቧን እንደምታይ፣ የሚስጥር ቁጥሯን እንዴት በልቧ እንደምትይዝ። ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። አሁን ገዢው የፈለገውን ቢያሳያት በራሷ ስልክ ላይ ሒሳቧ ሲጨምር ሳታይ ጆንያውን አትለቅም። «ተቻኩያለሁ» የሚላትን፣ «እንግዲያ ጥሬውን አምጣ» ትለዋለች።

ወላጆችና አያቶች፣ እናንተም ከዚሁ ጀምሩ። ስልካችሁ በማን ስም እንደተመዘገበ ጠይቁ። የሚስጥር ቁጥራችሁን የልደት ዘመናችሁ አታድርጉት። «ከባንክ ነው»፣ «ሽልማት ወጥቶልዎታል» ብሎ ቁጥሩን የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው፤ እውነተኛ ባንክ ይህን ቁጥር አይጠይቅም። ልጆች ደግሞ ስልኩን ከወላጅ እጅ ተቀብላችሁ ከምትነካኩላቸው፣ በእጃቸው እንዳለ አሳይዋቸው። የአክስቴ ልጅ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ጆንያ ሊያወርድላት ይመጣል፤ የሸጠችውን ስትነግረው ይሰማል፣ ካልነገረችው ግን አይጠይቅም።