ከመርጨት በፊት መቁጠር፦ የአገዳ ቆርቁርና የመጤ ተምች ጠላት የሆኑ ጥገኛ ተርቦች

መግቢያ

በቆሎና ማሽላ በሚመረትበት አካባቢ የሚሠራ የልማት ሠራተኛ ሁሉ ሁለት ተባዮችን ጠንቅቆ ያውቃል። አንደኛው አገዳውን ሰርስሮ ከውስጥ የሚበላው አገዳ ቆርቁር ነው። ሁለተኛው በየካቲት 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017) በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ በሀገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የአሜሪካ መጤ ተምች ነው። እነዚህ ተባዮች በታዩ ቁጥር ከገበሬውም ሆነ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን እንርጭ?» የሚል ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም «በማሳው ውስጥ ትሉን የሚገድልልን ማን አለ?» የሚለው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በቀበሌ ደረጃ እንዴት መመለስ እንደሚቻል ማሳየት ነው። ዘዴው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ለዓመታት የሠሩበት ሲሆን ውድ መሣሪያ አይጠይቅም።

ጥገኛ ተርብ ምንድን ነው?

ጥገኛ ተርብ ሰው ከሚነድፈው ተርብ ጋር መምታታት የለበትም። ቁመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ፣ ብዙ ሰው ትንኝ ነው ብሎ የሚያልፈው ነፍሳት ነው። ኮቴሲያ ፍላቪፔስ የተባለችውን ዝርያ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። እንስቷ የአገዳ ቆርቁሩን ኩስ ሽታ ተከትላ ትሉ በሰረሰረው ቀዳዳ ውስጥ ትገባና በትሉ ሰውነት ውስጥ በርካታ እንቁላሎች ትጥላለች። ከእንቁላሎቹ የተፈለፈሉት እጮች የትሉን ሰውነት እየተመገቡ ያድጋሉ። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ቆዳውን በስተው ይወጡና ሩዝ የሚመስሉ ትናንሽ ነጭ የሐር ጎጆዎች ይሠራሉ። ትሉም ይሞታል። ከጎጆዎቹም ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ አዳዲስ ተርቦች ይወጣሉ።

ስለሆነም በአገዳ ውስጥ ወይም በቅጠል ላይ እንዲህ ያለ ነጭ ጎጆ ሲገኝ «የተባይ እንቁላል ነው» ተብሎ መጨፍለቅ የለበትም። የገበሬው ወዳጅ ነውና።

የምርምር ተማሪዎች ምን አገኙ?

በአፍሪካ በቆሎና ማሽላን ከሚያጠቁት አገዳ ቆርቁሮች መካከል ቡሲዮላ ፉስካ የአህጉሩ ነባር ተባይ ነው። ቺሎ ፓርቴለስ ግን ከእስያ የመጣ ሲሆን፣ በአፍሪካ መኖሩ መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1930 በማላዊ ነው። ከሌላ አህጉር የመጣ ተባይ የተፈጥሮ ጠላቶቹን አብዛኛውን ጊዜ ትቶ ስለሚመጣ፣ ናይሮቢ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል (ኢሲፔ) ኮቴሲያ ፍላቪፔስን ከፓኪስታን አምጥቶ እ.ኤ.አ. በ1993 በኬንያ የባሕር ዳርቻ ለቀቀ። በሶማሊያም እ.ኤ.አ. በ1997 ተለቀቀች።

በኢትዮጵያ ይህች ተርብ በማንም አልተለቀቀችም። ሆኖም ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ኢማና ጌቱ ለዶክትሬት ዲግሪያቸው የበቆሎና የማሽላ ማሳዎችን እየዞሩ አገዳ ሰንጥቀው እጮች ሲሰበስቡና ሲያረቡ፣ ተርቧ እ.ኤ.አ. በ1999 በሀገራችን ተገኘች። ከጎረቤት ሀገር ራሷ ተሻግራ እንደገባች ይታመናል። አገዳውን ሰንጥቆ ትሉን በትዕግሥት የሚያረባ ሰው ባይኖር ኖሮ መምጣቷን ማንም ባላወቀ ነበር።

ሌላው ቁም ነገር አንዲት ተርብ በሁሉም ቦታና በሁሉም ተባይ ላይ እኩል አለመሥራቷ ነው። ኮቴሲያ ፍላቪፔስ በቺሎ ውስጥ በደንብ ታድጋለች። በቡሲዮላ ውስጥ የጣለችውን እንቁላል ግን የትሉ የደም ሕዋሳት ከብበው ያፍኑታል። ነባሯ የአፍሪካ ተርብ ኮቴሲያ ሴሳሚዬም ብትሆን፣ በኬንያ የደጋማው ክፍል ዘር በቡሲዮላ ውስጥ ሲያድግ የባሕር ዳርቻው ዘር አያድግም። ከዚህም የተነሳ በአንድ ወረዳ የተገኘን ውጤት ለሌላው ወረዳ እንዳለ መውሰድ አይቻልም። እያንዳንዱ አካባቢ የራሱን ማሳ መመርመር ይኖርበታል።

መጤ ተምች በገባ በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ተመሳሳይ ጥናት ተካሄደ። በሀገራችን ከተሰበሰቡት እጮች ውስጥ ኮቴሲያ ኢሲፔ የተባለች ተርብ ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ የሚሆኑትን ይዛ ተገኝታለች። ይህች ተርብ ለመጤው ተምች ተብላ ከውጭ የመጣች አይደለችም። በአካባቢው በሌሎች ትሎች ላይ ትኖር የነበረች ናት። በአማካይ ከሦስት ትሎች አንዱ ያለምንም ወጪ ይሞት ነበር ማለት ነው።

መድኃኒቱ ማንን ይመታል?

አገዳ ቆርቁር ከተፈለፈለ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ቅጠል ላይ ይቆይና ወደ አገዳው ይገባል። መጤ ተምችም አድጎ ገና ባልተዘረጋው ጥቅል ቅጠል ውስጥ ሲሸሸግ በራሱ ኩስ ይሸፈናል። ዘግይቶ የተረጨ መድኃኒት ወደነዚህ መደበቂያዎች በበቂ አይደርስም። ተርቧ ግን ትሉን ለመፈለግ ቀኑን በቅጠልና በአገዳ ላይ ስትመላለስ ስለምትውል፣ መድኃኒቱ በቀላሉ ያገኛታል። በመሆኑም ያለ ጊዜው የሚደረግ ርጭት ትሉን ትቶ ጠላቱን ይገድላል። የሚቀጥለው የተባይ ትውልድ ደግሞ ያለ ከልካይ ይራባል። ገበሬው ሁለተኛና ሦስተኛ ርጭት ይጠይቃል፤ የማኅበሩ ገንዘብ ያልቃል፤ መርጫ የሚሸከመውም ሰው ለመርዝ ይጋለጣል።

ይህ ማለት ግን ፈጽሞ አይረጭም ማለት አይደለም። ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል (ሲሚት) እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመጤ ተምች መመሪያ መሠረት፣ በቆሎው እስከ ጉልበት በሚደርስበት ጊዜ ከመቶ ተክል 20፣ እስከ ትከሻ በሚደርስበት ጊዜ ከመቶ 40 ተጠቅቶ ሲገኝ እርምጃ ይወሰዳል። ወንዴ አበባው ከወጣ በኋላ ግን ለአነስተኛ ገበሬ መርጨት አይመከርም።

በቀበሌ ደረጃ የሚደረግ ቆጠራ

ለቆጠራው የሚያስፈልጉት ክዳን ያላቸው ትናንሽ የፕላስቲክ ዕቃዎች፣ መርፌ፣ እርሳስና ደብተር ናቸው።

1. መድኃኒት ካልተረጨባቸው ማሳዎች፣ ከአንድ ጥግ ብቻ ሳይሆን ከተለያየ ቦታ፣ 50 ያህል እጮች ይሰብሰቡ። ከመጤ ተምች ትንንሾቹና መካከለኞቹ ይመረጡ። ለአገዳ ቆርቁር የተጠቃው አገዳ ይሰንጠቅ።

2. እያንዳንዱ እጭ ለብቻው በአንድ ዕቃ ይቀመጥ። መጤ ተምች በአንድ ላይ ከተቀመጠ እርስ በርሱ ይበላላል። ክዳኑ በመርፌ ይበሳ፤ ቀዳዳው ግን ተርቧ የማታመልጥበት ይሁን።

3. ለመጤ ተምች በየቀኑ ትኩስ የበቆሎ ቅጠል፣ ለአገዳ ቆርቁር ቁራጭ እሸት አገዳ ይሰጥ። ቅጠሉ መድኃኒት ያልነካው ይሁን። ኩሱ ይጠረግ። ዕቃዎቹ ፀሐይ በማይመታው ክፍል ይቀመጡ። የመድኃኒት መጋዘን ለዚህ ሥራ ከቶ አይሆንም።

4. የተሰበሰበበት ቀን፣ ማሳውና የታየው ለውጥ በየዕለቱ ይመዝገብ። ሥራው እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጃል።

5. በመጨረሻ ነጭ ጎጆ ወይም ተርብ የወጣባቸውና በሰላም ወደ ሙሽሬ የተለወጡት ይቆጠሩ። ለምሳሌ ከ50 እጮች 14ቱ ምክንያቱ ሳይታወቅ ቢሞቱ፣ 9ኙ ተርብ ቢያወጡና 27ቱ ሙሽሬ ቢሆኑ፣ 9 ለ36 ተካፍሎ 25 በመቶ ይሆናል።

የወጡት ተርቦች በአልኮል ተይዘው፣ ቀኑና ቦታው ተጽፎባቸው፣ በአቅራቢያ ለሚገኝ የምርምር ማዕከል ቢላኩ ዝርያቸው ይለያል። ቀሪዎቹ ወደ ማሳው ይለቀቁ። የተረፉት ትሎችና ሙሽሬዎች ግን ይገደሉ።

ውጤቱ ለምን ይጠቅማል?

ቆጠራው ሦስት ሳምንት ስለሚፈጅ የዚህን ሳምንት ርጭት አይወስንም። ለዚያ ከላይ የተጠቀሰው የተጠቁ ተክሎች ቆጠራ ያገለግላል። የተርብ ቆጠራው ዋና ጥቅም የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ለሚቀጥለው ወቅት መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ነው። ለተከታታይ ወቅቶች የተያዘ መዝገብ ተርቦች የሚበዙባቸውን መንደሮች ያሳያል። በእነዚያ መንደሮች በየማሳው ከመርጨት ይልቅ በእጅ መልቀምንና የተጠቃውን ማሳ ብቻ ለይቶ ማከምን ማስቀደም ይቻላል። ቁጥሩ ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ከሄደም የርጭቱ መብዛት ምክንያት መሆኑን መመርመር ይገባል።

ማጠቃለያ

የልማት ሠራተኛው በአንድ ወቅት 50 ትል ቢያረባ፣ የማኅበሩ ጸሐፊም መዝገቡን ቢይዝ፣ ማኅበሩ መድኃኒት የሚገዛው በግምት ሳይሆን በራሱ ማሳ ቁጥር ይሆናል። ለሠርቶ ማሳያ ቀንም ከትል ውስጥ የወጣ ተርብ በጠርሙስ ይዞ ለገበሬዎች ማሳየት ከብዙ ንግግር ይበልጣል። በዚህ ክረምት በቆሎው እስከ ጉልበት ሲደርስ የመጀመሪያው ስብሰባ እንዲደረግ፣ ዕቃዎቹም ከወዲሁ እንዲዘጋጁ እናሳስባለን።