ከዶዘሩ ፊት የሚሄድ ሰው

ከአሰላ ቀና ብላችሁ የምታዩት የጭላሎ ተራራ፣ ከጎኑም ገላማ፣ የደጋ አጋዘንና የቀይ ቀበሮ ቤት ነው። ሁለቱም እንስሳት ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኙም። ደጋ አጋዘን በ1910 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የተዋወቀው ከአርሲ ተራሮች በተገኘ ናሙና ነው። ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ደግሞ በዓለም ላይ 500 አይሞሉም።

እንዲህ ባለ ደጋ መንገድ ወይም የውኃ መስመር ሲሠራ፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ቅድመ ጥናት ይጠይቃል። ጥናቱ ግን ዶዘር አያስቆምም። የሚያስቆመው ሳይቱ ላይ የሚውል የሥነ ምህዳር ባለሙያ ነው።

ሥራው ከማለዳ ይጀምራል። ማሽኑ ሳይነሳ ባለሙያው የዕለቱን መስመር በእግሩ ይሄዳል፤ ፋንድያ፣ ዱካ፣ ጉድጓድ ይፈልጋል። ቀይ ቀበሮ ሌሊቱን የሚያድረው ሜዳ ላይ ነው፤ ጉድጓድ የሚያስፈልገው ለግልገሎቹ ነው። እነሱም በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይወለዳሉ። ስለዚህ በሐምሌ ባዶ የተባለ ጉድጓድ በኅዳር ሙሉ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ አይቶ መሄድ የማይበቃው ለዚህ ነው። ክፍት የተተወ ቦይ ቢኖር የገባው እንስሳ እንዲወጣ አንዱ ጫፍ ተዳፋት ይደረጋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የሠራተኞች ካምፕ ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ተላልፎ መንጋ ይጨርሳል። ያልተከተበ ውሻ ካምፕ አይግባ፤ ትርፍራፊ ምግብም ሜዳ ላይ አይጣል።

ውል የምታዘጋጁ መሐንዲሶች፣ ባለሙያው ሥራ የማስቆም ሥልጣን እንዳለው በግልጽ ጻፉ።