ከድሮግባ በአንድ ጎል ብቻ ያነሰው የጎንደር ልጅ

ጎንደር ፒያሳ ላይ አንድ ወጣት አስቁማችሁ «ኤቶ በአፍሪካ ዋንጫ ስንት ጎል አለው?» ብትሉት ስልኩን እንኳ ሳያወጣ «18» ይላችኋል። «ድሮግባስ?» ስትሉት «11»። «መንግሥቱ ወርቁስ?» ብትሉት ግን «የትኛው መንግሥቱ?» ብሎ መልሶ የሚጠይቃችሁ አይጠፋም። መልሱ 10 ነው። አዎ፣ ከድሮግባ በአንድ ብቻ ያነሰ። ያውም የጎንደር ልጅ ነው።

ዛሬ ስለ ጎሎቹ ብቻ ሳይሆን ብዙም ስለማይወራለት ሁለተኛው ሥራው፣ ስለ አሰልጣኝነቱ ማውራት ፈልጌያለሁ። ግን ጎሎቹን ሳናነሳ ወደዚያ መሻገር አይቻልም።

መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1940 ጎንደር ተወለደ፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ማልያ ገነነ። የአፍሪካ ዋንጫ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ ገና የሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ተሳታፊዎቹ አራት ብቻ ናቸው፦ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ኡጋንዳና ያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች።

ፍጻሜው የተካሄደው እሑድ ጥር 13 ነው። ለጎንደር ሰው ይህ ቀን ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ የቃና ዘገሊላ ማግስት ነው። ጥምቀቱ አልቆ፣ ታቦታቱ ገብተው፣ ሰው ገና ከበዓሉ ስሜት ሳይወጣ ማለት ነው። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፣ ሁለት ጊዜም አቻ ሆንን። ሁለተኛዋን የአቻነት ጎል አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ አገባ። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን ጨመረ። በ117ኛው ደቂቃ ደግሞ መንግሥቱ በአራተኛው ጎል በሩን ዘጋው። 4 ለ 2። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። መንግሥቱም በ3 ጎል ከግብፁ ባደዊ አብደል ፈታህ ጋር የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ያን ቡድን ያሰለጠነው ይድነቃቸው ተሰማ ራሱ የጊዮርጊስ አጥቂ የነበረ ሰው ነው። በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ እስኪሞት አገልግሏል። ስለዚህ መንግሥቱ «አጥቂ የነበረ አሰልጣኝ» ምን እንደሚመስል ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሱ አለቃ አይቶታል።

ተራው የደረሰው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ በተዘጋጀው የአፍሪካ ዋንጫ ላይ ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ የሄደው መንግሥቱ ነበር። ምድቡ ከባድ ነው፦ የዋንጫው ባለቤት ናይጄሪያ፣ ዛምቢያና አልጄሪያ። ናይጄሪያ 3 ለ 0 አሸነፈችን፣ ዛምቢያ 1 ለ 0፣ ከአልጄሪያ ጋር ደግሞ 0 ለ 0 ወጣን። አለቀ። በአፍሪካ ዋንጫ 10 ጎል ያለው ሰው ያሰለጠነው ቡድን በሦስት ጨዋታ አንድም ጎል ሳያገባ ተመለሰ።

ይህን ያነበበ ሁሉ «አየህ፣ ጥሩ ተጫዋች ጥሩ አሰልጣኝ አይሆንም» ለማለት ይቸኩላል። እኔ ግን አልስማማም። ምክንያቴም ይኸው።

አንደኛ፣ ያን ጊዜ በአፍሪካ ዋንጫ የሚሳተፉት 8 አገሮች ብቻ ነበሩ። አዘጋጇና የዋንጫው ባለቤት ሲቀነሱ ለቀረው አፍሪካ 6 ቦታ ብቻ ነው የሚተርፈው። ዛሬ 24 አገር ይገባል፤ እኛ ግን አሁንም ማጣሪያው ላይ እንቸገራለን። ስለዚህ ሊቢያ መድረሱ በራሱ ቀላል አልነበረም።

ሁለተኛ፣ አልጄሪያ ከእኛ ጋር ስትጫወት ማለፏን አረጋግጣ ስለነበር አቻውን አላጋንነውም። ቢሆንም ያቺው አልጄሪያ ናት ከሦስት ወር በኋላ ስፔን ላይ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸንፋ ዓለምን ጉድ ያሰኘችው።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ከመንግሥቱ ቡድን በኋላ ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጅቶባታል። በሰውነት ቢሻው እየተመራን ደቡብ አፍሪካ የገባነው በ2005 ዓ.ም. ነው። በመሐል ስንት አሰልጣኝ መጣ፣ ስንቱ ሄደ! 31 ዓመት ሙሉ በር የሚዘጋ ችግር የአንድ አሰልጣኝ ችግር ሊሆን አይችልም እኮ።

እስቲ ከስፔኑ ሉዊስ አራጎኔስ ጋር እናስተያየው። እሱም አጥቂ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1974 በአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ ለአትሌቲኮ ማድሪድ ባየርን ሙኒክ ላይ በቅጣት ምት ጎል አስቆጥሯል። በዚያው ዓመት የክለቡ አሰልጣኝ ሆነ። ስፔንን የአውሮፓ ሻምፒዮን ያደረገው ግን በ2008 ነው። 34 ዓመት! በእነዚህ ዓመታት ክለብ ቀያይሯል፣ ወድቋል፣ ተነስቷል። አገሩ ግን በየዓመቱ የሚቀጥል ሊግና ከሥር የሚመጡ ልጆች ነበሯት። አጥቂን በ90 ደቂቃ መመዘን ይቻል ይሆናል። አሰልጣኝ ግን ከኋላው ባለው ነገር ጭምር ነው የሚመዘነው።

ወደ ጎንደር እንመለስ። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. በሥዩም ከበደ አሰልጣኝነት የመጀመሪያውን የፕሪምየር ሊግ ዋንጫ ሲያነሳ ከተማዋ እንዴት እንደሆነች የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ዛሬ አዘዞ ወይም ደባርቅ ላይ ኳስ የሚያንከባልል ልጅ «ዐፄዎቹ» ጋ እገባለሁ ብሎ ማለም ይችላል። መንግሥቱ ልጅ በነበረ ጊዜ እንዲህ ያለ ሕልም በከተማው አልነበረም፤ ስሙን የተከለው አዲስ አበባ ሄዶ ነው። ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። ግን ልጁ ከፊቱ ማን እንዳለፈ ካላወቀ፣ ከእሱ በፊት ማንም የሞከረ ይመስለዋል ወይ?

መንግሥቱ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. አረፈ። ስሙን ስልካችሁ ላይ ብትፈልጉ የሜሲን ያህል ቪዲዮ አታገኙም። ሲጫወት በዓይናቸው ያዩ፣ በሬዲዮ የሰሙ አባቶች ግን ዛሬም በየሰፈሩ አሉ፤ ዕድሜያቸው ግን ገፍቷል። ዲኤስቲቪ ቤት ከመግባታችሁ በፊት አንዱን አባት «መንግሥቱን አይተውት ያውቃሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚነግሯችሁንም በስልካችሁ ቅረጹት።