«ያድግበታል» የተባለው ሞተር

ደብዳቤው የመጣው ከአሜሪካ፣ ከዴንቨር አካባቢ ነው። ጸሐፊዋ የ20 ዓመት ወጣት ናት። ስሜን አታውጣ ብላ አደራ ብላኛለች፤ አላወጣም። ነገሩ እንዲህ ነው። የ14 ዓመት ወንድሟ በየቅዳሜው ተራራ ሥር ባለ አራት ጎማ ሞተር ይነዳል። እነሱ ኤቲቪ ይሉታል፤ ዱባይ በረሃ ላይ የነዱት ኳድ ባይክ ይሉታል፤ ያው አንድ ነው። ታዲያ ባለ 90 ሲሲዋ አነሰችው። ቁመቱ ተመዘዘ፣ ሲጠመዝዝ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ይጋጫል፣ ጓደኞቹም «የሕፃን ሞተር!» እያሉ ይስቁበታል። ጎረቤታቸው ደግሞ ያገለገለ ባለ 450 ሊሸጥ አውጥቷል። «አባዬ ሊገዛለት ቆርጧል» ትላለች። «አሁን ቢከብደውም ያድግበታል ይላል። እኔ ግን ፈርቻለሁ። ፈሪ ናት ሳልባል ምን ልበላቸው?»

እህቴ፣ «ያድግበታል» የምትለዋን ቃል እዚህ አገር ያደገ ሁሉ ያውቃታል። ዩኒፎርም ሲገዛ እጅጌው ጣት ይሸፍን ነበር፤ ጫማ ሲገዛ ጫፉ ላይ ጨርቅ ይጠቀጠቅ ነበር። አባትሽ ገንዘብ ሁለቴ ላለማውጣት ነው ያሰቡት፤ አልፈርድባቸውም። ሰፊ ሱሪ ግን ቢበዛ ሰው ያስቃል። ሞተር ሲሰፋ ሌላ ጣጣ አለው።

ያ 450 የትኛው ዓይነት እንደሆነ አልነገርሽኝም። ለውድድር የተሠራው ዝቅ ያለው ከሆነ፣ ጣት ስትነኪው የሚፈተለክ ነው። ለእርሻና ለጭነት የሚሆነው ከሆነ ደግሞ ከ250 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ወንድምሽ ስንት ይመዝናል? 50? 55? ይህ ሞተር እንደ መኪና በመሪ ብቻ አይታዘዝም። ሲታጠፍ ነጂው ወደ ውስጥ መጋደል አለበት፤ ዳገት ሲወጣ ወደ ፊት፣ ቁልቁል ሲወርድ ወደ ኋላ መሄድ አለበት። ሚዛን የሚጠብቀው የነጂው ገላ ነው። መቀመጫው የረዘመውም ለዚሁ ነው እንጂ ጓደኛ ለማፈናጠጥ አይደለም! (ይህን ለወንድምሽ ጮክ ብለሽ አንብቢለት።) ቀላል ልጅ ከባድ ሞተር ላይ ሲቀመጥ ቢጋደልም ሞተሩ አይሰማውም። ዳገት ላይ ሲገለበጥ ደግሞ ልጁ ሥር ሆኖ ሞተሩ ከላይ ያርፋል። በዚህ ሞተር ሰው የሚሞትበት ዋናው መንገድ መገልበጥ ነው።

አባትሽ የሚያዩት ሲሲውን ብቻ ይመስለኛል። እስቲ ጭቃ መከላከያው ላይ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ያንብቡት። አሜሪካ በዚህ ጉዳይ ብዙ ልጅ ከቀበረች በኋላ ነው የነቃችው። እ.ኤ.አ. በ1988 አምራቾቹ ከመንግሥት ጋር ተስማምተው ባለ ሦስት ጎማውን መሸጥ አቆሙ፤ የዕድሜ ገደብም መጣ። ከ2009 ወዲህ ደግሞ ምድቡ በሕግ የጸና ነው፤ ለልጆች የሚሠራው የሚለየው በሲሲ ሳይሆን በዕድሜና በፍጥነት ነው። ለ6፣ ለ10 እና ለ12 ዓመት የሚሆን አለ። ከዚያ «ቲ» የሚባለው መሸጋገሪያ ምድብ ይመጣል፤ ለ14 ዓመት ልጅ፣ አዋቂ አጠገቡ ቆሞ እያየው። የዚህ ትልቁ ፍጥነት በሰዓት 38 ማይል ነው፤ በእኛ 61 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ይሄ ያንሳል? ጠጠር መንገድ ላይ፣ ያለ ቀበቶና ያለ ጣሪያ?

ከዚያ በላይ ያለው በሙሉ ለ16 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። 450ው ይቅርና፣ ብዙ ሰው «ትንሽዬ» የሚላት ሆንዳ ቲአርኤክስ 250 ኤክስ እንኳ 16 ዓመት የሚል ተለጥፎባታል። አዲስ የሚሸጥ ሱቅ ስትሄዱ የነጂው ዕድሜ ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል። ጎረቤት ግን ብሩን ቆጥሮ ቁልፉን ይሰጣል።

አንድ ነገር ልደብቅሽ አልፈልግም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ይህን ሞተር ጨርሶ አይንዳ ነው የሚለው። አባትሽ ይህንንም ሰምተው ይወስኑ። ልጁ ሁለት ዓመት ስለነዳ አሁን ተው ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ስለዚህ የማይቀር ከሆነ ከዚያ «ቲ» ከሚባለው አትለፉ ነው የምለው።

ልኩን ለማወቅ ሞተሩ ቆሞ፣ ሳይነሳ ልጁን አስቀምጡት። እግር መርገጫው ላይ ሲቆም በመቀመጫውና በሱሪው መካከል ከአንድ እጅ መዳፍ ያላነሰ ክፍተት መኖር አለበት። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዙረው፤ ሁለቱም እጁ ሳይላቀቅ፣ ገላው ሳይንጠራራ። ጣቶቹ ፍሬኑን መጨበጥ አለባቸው። ነዳጅ የሚሰጠው በአውራ ጣት ስለሆነ አውራ ጣቱ ሳይወጠር ይድረስ፤ ድንጋይ ሲመታው የተወጠረ ጣት ሳያስበው ነዳጁን ይጫነዋል። ከዚህ አንዱ እንኳ ከጎደለ ሞተሩ የእሱ አይደለም። የድሮዋም በዚሁ ሚዛን ስለወደቀች መለወጧ ትክክል ነው፤ በዚህ ወንድምሽ አልዋሸም።

አስፋልት ላይ እንዳይወጣ። የብዙዎቹ የኋላ አክሰል ድፍን ስለሆነ፣ ዲፈረንሻል ስለሌለው፣ ሁለቱ ጎማዎች እኩል ነው የሚዞሩት። አፈር ላይ ተንሸራቶ ይታጠፋል፤ አስፋልት ላይ ግን አልታጠፍ ብሎ ይገለብጣል። «እስከ ሱፐርማርኬቱ ብቻ» የሚባል ነገር የለም።

ስለ ጓደኞቹ ሳቅ… ይሄ ነው ልጁን የሚያቃጥለው፤ አባትየውንም ሳይሆን አይቀርም። ባዕድ አገር ልጃችን አንሶ አይታይ የሚል ነገር አለ። የ14 ዓመት ልጅ ለሳቅ ሲል ምን እንደሚያደርግ ደግሞ እኔም አንቺም እናውቃለን፤ 450 ቢሰጡት መጀመሪያ የሚያሳያቸው ፍጥነቱን ነው። ስለዚህ «አትችልም» አትበይው። «ሥልጠና ውሰድና አሳያቸው» በይው። ኤቲቪ ሴፍቲ ኢንስቲትዩት የሚባለው ድርጅት በግማሽ ቀን የሚያልቅ ኮርስ ይሰጣል። አባትሽም አብረው ይሂዱ፤ ከቻሉም ራሳቸው ይንዱ። ዳር ቆሞ ማየትና መሪ ጨብጦ ዳገት መውጣት ለየቅል ነው።

ለአባትሽ ደግሞ የብር ነገር አንሺባቸው። ለ14 ዓመት የሚሆነው ሞተር በሁለት ዓመቱ ይሸጣል፤ ንጹሕ ሆኖ ከተያዘ ፈላጊ አያጣም። ከሚተርፈው ላይ ጥሩ ሄልሜት፣ መነጽር፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቦት ጫማና ጓንት ይግዙለት። ሄልሜቱን ግን በልኩ፤ እሱንም «ያድግበታል» እንዳይሉ!

ጎረቤታችሁ «ቅዳሜ ውሰዱት» ካሉ፣ ዓርብ ማታ አባትሽን ይዘሽ ሂጂና በባትሪ አብርታችሁ ያቺን ማስጠንቀቂያ አንብቡ። ተልጣ ከሆነም ለምን እንደተላጠች ጠይቁ። ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።