የገበሬው ጥያቄና የኳስ ተማሪ ቤት

ከምዕራብ ጎጃም የመጣን ተማሪዎች ስለ እግር ኳስ ማሠልጠኛ በተወራ ቁጥር አንድ ነገር ይታሰበናል። የቡሬ ወይም የፍኖተ ሰላም ገጠር ገበሬ ከብት የሚጠብቅለትን የ12 ዓመት ልጁን «ለኳስ ስጠን» ቢባል፥ «ተጫዋች ሳይሆን ቢቀርስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው የሰነፍ ጥያቄ አይደለም፤ ማሠልጠኛ ምን እንደ ሆነም ከዚሁ ጥያቄ ተነሥተን ብናስረዳ ይሻላል።

በመጀመሪያ ነገር፥ ማሠልጠኛ ማለት ሜዳ ማለት አይደለም። ሜዳማ ምን ጠፋ! ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ ስሟን የሚያውቃት ማንኩሳ አለች፤ በዚያ መንገድ ግራና ቀኝ ልጆች የጨርቅ ኳስ ሲያባርሩ እያየን ነው ያደግነው። በበጋ ከብት ይግጥበታል፥ በክረምት ይጨቀያል፥ ገና ሲደርስ ደግሞ ኳሱ ቀርቶ ሩር ይመታበታል።

ማሠልጠኛ ልጁ የሚያድርበት፥ የሚበላበትና የሚማርበት ቤት ነው። ኳሱ ከቀኑ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ቢወስድ ነው፤ የቀረው የመምህሩ፥ የወጥ ቤቱና የሐኪሙ ነው። ወጪውም ያለው እዚህ ላይ ነው። እኛስ ብንሆን ዩኒቨርሲቲው መኝታና ምግብ ባይሰጠን ኖሮ ስንቶቻችን እዚህ እንቀመጥ ነበር?

ይህ በአፍሪካ ተሞክሮ ፍሬ የሰጠ ነገር ነው። በአቢጃን አሴክ የተባለው ክለብ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዣን ማርክ ጊዩ ከተባለ ፈረንሳዊ ጋር ልጆችን ሰብስቦ ማሠልጠን ጀመረ፤ ኮሎ ቱሬና ያያ ቱሬ የዚያ ቤት ልጆች ናቸው። በ1999 አብዛኞቹ ከዚያው የወጡ ጎረምሶች የቱኒዚያውን ኤስፔራንስን 3 ለ 1 አሸንፈው የአፍሪካን ሱፐር ካፕ ወሰዱ። በሴኔጋል ዤኔራሲዮን ፉት የተባለው ማሠልጠኛ ከፈረንሳዩ ሜትዝ ክለብ ጋር ውል አለው፤ ሳዲዮ ማኔ ባምባሊ ከተባለች የገጠር መንደር ተነሥቶ ሜትዝ የደረሰው በዚያ በኩል ነው። ለገበሬው ጥያቄ የተሻለውን መልስ ያገኘነው ግን በጋና ነው። በ1999 የተመሠረተው ራይት ቱ ድሪም መሐመድ ኩዱስን የመሰለ ተጫዋች ሲያወጣ፥ ሌሎቹን ልጆች ደግሞ በነፃ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተማሪ ቤቶች ይልካል። ኳሱ ባይሳካ ትምህርቱ አለ።

እኛ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣን ሕዝብ ነን። ከ1974 በኋላ ግን እስከ 2005 ዓ.ም. ለ31 ዓመት ወደዚያ ውድድር አልገባንም። በአዲስ አበባ የአገር አቀፍ ስፖርት አካዳሚ አለ፤ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ቤት ለዚህ ሁሉ አገር ልጅ አይበቃም።

«ልጁ ቢሳካለትስ አገሩ ምን ያገኛል?» የሚል ይኖራል። የዓለም እግር ኳስ ማኅበር፥ ማለት ፊፋ፥ በዚህ ላይ ደንብ አለው፤ ብዙ ሰውም አያውቀውም። አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ለውጭ አገር ክለብ በገንዘብ ሲዛወር፥ ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ለያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፥ ከዚያ በኋላ 0.5 በመቶ ነው። እንግዲህ አንድ ልጅ ከ12 እስከ 17 ዓመቱ ቡሬ ቢጫወትና በኋላ በ10 ሚሊዮን ዩሮ ቢዛወር፥ ለቡሬ ክለብ 200,000 ዩሮ ይደርሰዋል። ይህ ገንዘብ ስንት ልጅ ይቀልባል!

ነገር ግን ገንዘቡ የሚከፈለው በፌዴሬሽን ለተመዘገበ ክለብ ነው። የጨርቅ ኳስ ሜዳ መዝገብ የለውም። የልጁም ዕድሜ በወረቀት መታወቅ አለበት፤ ፊፋ ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች በሚደረገው የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓ በኤም.አር.አይ. እያስነሣ ዕድሜን ይመረምራል። በአገራችን የልደት ምዝገባ በመላው አገር የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለ ሆነ፥ እናቶቻችን የልደታችንን ቀን የሚቈጥሩት ከአዝመራው ወይም በ40 ቀን ከተነሣነው ክርስትና ነው። ስለዚህ ከሕንፃው በፊት የሚያስፈልገው ደብተር ነው፤ የልጁ ስም፥ የተወለደበት ቀን፥ የተጫወተበት ዓመትና ቡድን የሚጻፍበት። ይህን አንድ የስፖርት መምህር በአንድ እስክሪብቶ ሊጀምረው ይችላል።

እርግጥ መምህሩም ተማሪ ቤት ያስፈልገዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ብዙ ተማሪ ቤቶች ተዘግተዋል፤ ትምህርት የሌለበት ማሠልጠኛ ደግሞ ከላይ ያልነውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ባለፈው ይህን ሁሉ፥ መቶኛውንም ጭምር፥ ከመካከላችን የአንዱ አባት ለሆኑ የጃቢ ጠህናን ገበሬ ዘርዝረን አስረዳናቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡን። «ደግ ነው ልጆቼ፤» አሉ፥ «ከብቱንስ ማን ይጠብቃል?»