ለማያይ ዘመድ የጆሮ ማዳመጫ ስለ መምረጥ

ለቤተ ሰብ የሚገዛ ዕቃ ሁሉ በዋጋው ብዛትና በመልኩ ማማር ብቻ አይመረጥም። ይህም ይልቁን የሚታወቀው፥ ዓይነ ስውር የሆነ ዘመዳችን ኮምፒዩተር የሚሠራበትን የጆሮ ማዳመጫ ልንገዛለት ባሰብን ጊዜ ነው።

ዓይነ ስውር ሰው በኮምፒዩተር የሚያነበው፥ በስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ወደ ንግግር በሚመልስ ፕሮግራም ነው። ከነዚህም አንዱ ኤንቪዲኤ የሚባለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. በአውስትራሊያ ተጀምሮ እስከ ዛሬ ያለ ዋጋ ይሰጣል። በአይፎን ላይ ያለው ቮይስኦቨርም በ2009 ዓ.ም. ወጣ። ስለዚህ ድምፅ ለእኛ መዝናኛ ሲሆን፥ ለእርሱ ግን ስክሪኑ ራሱ ነው።

የምናውቃቸው አንድ ሹም፥ በሒሳብ ክፍል ለምትሠራ ዓይነ ስውር ልጃቸው ዋጋው ከፍ ያለ ገመድ አልባ ማዳመጫ ገዝተው ሰጧት። ልጂቱም አባቷን ላለማሳዘን ብዙ ቀን ዝም አለች፤ ነገር ግን ከሥራ እያመሸች መመለስ ጀመረች። በመጨረሻ ምክንያቱን ቢጠይቋት፥ «አባባ፥ ስጦታዎን እወደዋለሁ፤ ግን የቃሉን መጀመሪያ ይውጥብኛል። ሁለት ሺህ ብር ሲል እኔ የምሰማው ሺህ ብር ብቻ ነው። እንዳልሳሳት እያንዳንዱን መስመር ሁለት ጊዜ እሰማለሁ» አለቻቸው።

የዚህ ምክንያቱ እንዲህ ነው። ብዙ ገመድ አልባ ማዳመጫዎች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ፥ ድምፅ በተቋረጠ ጊዜ ያንቀላፋሉ፤ እስኪነቁም ድረስ የንግግሩ መጀመሪያ ያልፋል። ሙዚቃ ሳያቋርጥ ስለሚሰማ ይህ ጉድለት አይታወቅበትም፤ የስክሪን አንባቢ ግን ጥቂት ተናግሮ ዝም የሚል ነው። በአማርኛችንም አሉታ በቃል መጀመሪያ ስለሚገባ፥ «አልተላከም» ከሚለው «አል» ቢጠፋ ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል።

ሁለተኛው ጉድለት መዘግየት ነው። በብሉቱዝ የሚተላለፍ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በላይ ይዘገያል፤ ፈጥኖ የሚጽፍ ሰው አንዱን ፊደል ሳይሰማ ሌላውን ይመታል። ከዚህም በቀር የማዳመጫው ማይክሮፎን በሥራ ላይ ሲውል፥ የብሉቱዙ ድምፅ ብዙ ጊዜ ወደ ስልክ ድምፅ ዝቅ ይላል።

እንግዲህ ለሥራ የሚሆነው ገመድ ያለው ማዳመጫ ነው፤ አያንቀላፋም፥ ባትሪም አይፈልግም። የማዳመጫ ቀዳዳ ለሌለው መሣሪያ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የድምፅ ማገናኛ ይገዛል። ኮምፒዩተሩ ቀዳዳ ቢኖረውም እንኳ አንድ መጠባበቂያ ማኖር ይገባል፤ የኮምፒዩተሩ የራሱ ድምፅ ቢበላሽ፥ የማያይ ሰው ያለ ድምፅ ብልሽቱን ፈልጎ ማስተካከል ይቸግረዋልና። በመንገድ ለሚሄድ ግን ጆሮውን የማይደፍን፥ ድምፁን በአጥንት በኩል የሚያሰማው ይሻለዋል።

ገመድ አልባውን አስቀድሞ የገዛ ሰው በኤንቪዲኤ ማስተካከያ ውስጥ፥ ከንግግር በኋላ የድምፅ መሣሪያው ነቅቶ የሚቆይበትን ጊዜ ማስረዘም ይችላል። መዘግየቱን ግን ይህ አያድነውም።

ከመግዛት በፊት ሰውየው ራሱ ከነኮምፒዩተሩ ወደ ሱቅ ይሂድ። አንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ቆይቶ አንድ ቁልፍ ይምታ፤ የመጀመሪያው ድምፅ ሙሉ ሆኖ ተሰማን? ፈጥኖ ይጻፍ፤ ንግግሩ ይከተለዋልን? ማዳመጫውን ነቅሎ መልሶ ይሰካ፤ ድምፁ ተመለሰን? ጆሮውም ቀኑን ሙሉ ሠራተኛ ነውና ይጠበቅ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የወሰነው በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ድረስ 80 ዴሲቤል ነው።

እኒያ ሹም ከልጃቸው ጋራ ወደ ሱቅ ተመልሰው፥ እርሷ የፈተነችውን ዋጋው ዝቅ ያለ ባለ ገመድ ማዳመጫ ከአንድ መጠባበቂያ ማገናኛ ጋራ ገዙላት። የፊተኛውንም ማታ ማታ ዜማ ትሰማበታለች። ከዚያ ወዲህ ልጂቱ ከሥራ በጊዜ ትመለሳለች።